የጎደለው የፖርት ወይን ጠርሙስ

አባቴ ወደ ግራና ከተማ ገበያ በሬ ሊገዛ በወጣ ቁጥር «ሻጩ አይንገረኝ፤ ከሽያጩ ምንም የማይደርሰው ሰው ይንገረኝ» ይል ነበር።

አምና ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ወደ መርሳ ተላክሁ። የልጅቷ አባት ፖርት ወይን አዋቂ ናቸው፣ የተበረዘ ይዘህ ከሄድህ ነገሩ ይበላሻል ተባልሁ። እኔ ደግሞ መጠጥ በስለት ከተውሁ ቆይቻለሁ። ወልድያ ላይ ባለሱቁ «ከዚህ የተሻለ የለም!» ብሎ ማለልኝ። አንድ መምህር ብጠይቀው ስልኩን ከፍቶ ብዙ አነበበልኝ። «አንተስ ቀምሰኸው ታውቃለህ?» ስለው ሳቀ።

ጠርሙሱን ገዝቼ በተሳፈርሁበት የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽበታም ሰው ተቀመጡ። ከዚህ ጠርሙስ ምንም የማይደርሳቸው ሰው እግዜር ሰጠኝ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጌታዬ፣ ፖርት ወይን ያውቃሉ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንግዲያው ቀምሰው እውነቱን ይንገሩኝ። የምወስድላቸው ሰው ቁጡ ናቸው አሉ፤ የተበረዘ ከሆነ ልጃቸውን ይከለክሉናል።»

በክዳኑ ቀዳሁላቸው። ቀመሱ። ሲሪንቃ ስንደርስ «አልለየሁትም፤ ይድገሙኝ» አሉ። ደገምሁ። መርሳ ልንገባ ስንል ክዳኑን ትተው በጠርሙሱ ጠጡ። እኔ ፊት ፊታቸውን አያለሁ፤ ፊታቸው ምንም አይናገርም።

«ኧረ ይፍረዱልኝ!» አልኋቸው።

«ለመሆኑ የማን ቤት ነው የሚሄዱት?»

የልጅቷን አባት ስም ነገርኋቸው። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከደኑና አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ወይኑ እውነተኛ ነው፤ ልጄም የእናንተ ናት። ባለቤቴ ግን ጠርሙሱ ለምን ጎደለ ካለችዎት፣ ስገዛውም እንዲሁ ነበር ይበሉልኝ።»