የክትሩ ድንጋይ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም፤ ከካራማራው ጦርነት በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ጅጅጋ ውስጥ፣ ከሰፈራችን በላይ ካለው ቦረቦር የሚወርደው ጎርፍ የምንጠጣበትን ኩሬ በደለል ይሞላብን ነበር። እኔና የልብ ጓደኛዬ ቦረቦሩ ላይ ድንጋይ ደርድረን ክትር ሠራን። ጎርፉ አፈሩን እዚያ እየጣለ ውሃው ብቻ ይወርድልን ጀመር።

እህቴን ልጠይቅ ባቢሌ ሄጄ ስመለስ ክትሩ የለም። ድንጋዩ የጓደኛዬ አዲስ ቤት መሠረት ሆኗል።

«ምነው?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ አንተ ለጎርፍ ቤት ትሠራለህ፤ እኔ ደግሞ ለልጆቼ» ብሎ ሳቀ። «ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል!»

ብዙም ሳይቆይ ዘነበ፤ ኩሬው ጭቃ ሆነ። መቆጣት እንኳ አቃተኝና ቦረቦሩ አፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ፍየሎቿን ከዚያ ኩሬ የምታጠጣ አንዲት ሶማሌ ወተት ሻጭ መጣች። የወተት ዕቃዋን አስቀምጣ፣ ክትሩ በነበረበት ልትደረድር ድንጋይ አነሳች።

«ወላል፣ ያዝ እንጂ!» አለችኝ። ወላል በእነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው።

ጓደኛዬም ወንድሜ ይለኝ ነበር። ከተቀመጥኩበት ያስነሳችኝ ግን እሷ ናት፣ ወተት ሻጯ።