ከጪጮው የወደቀው ዛጎል

ዛጎሉ ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎባ ሮቤ ሲመላለስ ከርሞ፣ ዛሬ ጠዋት ከአንድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ሥር ወጣ። የአክስቴ ልጅ እሑድ ስታገባ ጪጮዋን ሙሉውን ይዛ ትሄዳለች። እኔም ገና ዛሬ ነው እህል የበላሁት ማለት ይቻላል።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የታሪክ መምህራችን የጥንቱን የባሕር ንግድ ሲያስተምሩን፣ ጠላቂዎች ከባሕር ሥር ስላገኟቸው የሰጠሙ መርከቦች ነገሩን። ወርቅ ብቻ አይደለም፣ ዛጎል ጭኖ የሰጠመም አለ አሉ። ከዚያ በባሕር የመጣ ዕቃ ከየቤታችን አምጥተን እንድንጽፍበት አዘዙ። አንዱ የስልክ ቻርጀር ይዞ መጣና፣ ይኼስ በመርከብ አይደል የመጣው ብሎ ተከራከረ።

እኔ ጎባ ያሉትን አክስቴን፣ አዳዳን፣ አስታወስኩ። አዳዳ ቤት ጪጮ አለ፤ ዛጎል በተሰፋበት ጠፍር ያጌጠ የወተት ዕቃ። እናት ልጇን ስትድር ትሰጣታለች። አዳዳም ከእናታቸው ነው የተቀበሉት። ለምኜ ተዋስኩት።

ጠፍሩ ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። ለክፍል እንዲያምር ብዬ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይም አሰጣሁት። ቅቤው ጠፍሩ እንዳይደርቅ የሚቀባ መሆኑን የት አውቄ። ከሮቤ ወደ ጎባ ስመልሰው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጠፍሩ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ዛጎሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተሳፋሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ለቀመልኝ። አዳዳ ቤት ደርሼ አብረን ስንቆጥረው ግን አንድ ጎደለ።

አዳዳ አልተቆጡም። ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱና፣

«ጎዶሎ ዕቃ ለሙሽራ አይሰጥም» አሉ።

ከገበያ ሌላ ልግዛ ብላቸው፣ የእናቴ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጪጮው ቤት ይቀራል ማለት ነው። ሙሽራዋ የተረፈውን ዛጎል ለቅማ በሻሽዋ ቋጠረች፤ እሱ ነው የባሰው።

የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ ታርጋ አላየሁም። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት በፊት ሮቤ መናኸሪያ እየሄድኩ፣ የጎባን ሚኒባስ ሁሉ አንድ በአንድ ለመንኩ። የዛጎሉንና የመርከቡን ታሪክ ስነግራቸው ሾፌሮቹ ስም አወጡልኝ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ከሩቅ አይተውኝ፣

«ነይ ዛጎሌ፣ የእኔም መርከብ ትፈተሽ» አሉ።

የወንበሩን ስፖንጅ አነሱልኝ። ጀርባው በእጅ ብዛት የለሰለሰ ዛጎል፣ ከሱፍ ቅርፊት ጋር ተኝቷል። እዚያው በዚያው ሚኒባስ ጎባ ሄድኩ።

አዳዳ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። አዲስ ጠፍር ቅቤ ቀብተው ሰጡኝና ራሴ እንድሰፋው አደረጉ። እየሰፋሁ የጻፍኩትን ነገርኳቸው፦ ዛጎል ከህንድ ውቅያኖስ በመርከብ ወደብ ሲደርስ፣ ከወደብ በግመል ወደ ሼክ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ ሲወጣ፣ ከዚያም ለዚያራ የሄደ ተሳላሚ ገዝቶት ወደ እኛ ደጋ ሲያመጣው። የሰጠመው መርከብ ዛጎል ባሕር ውስጥ ሲቀር የእኛው እዚህ መድረሱን ስነግራቸው፣ የተሰፋውን ዛጎል በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ባሕር ያልዋጠውን ሚኒባስ ሊውጠው ነበር በይኛ» አሉ። ሙሽራዋ እስኪያንቃት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ።

ስወጣ አዳዳ፣ የጻፍሽውን የሚያነቡትን ሁሉ ጥሪልኝ ብለውኛል። ጠርቻችኋለሁ። እሑድ ጎባ ኑ፤ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ጪጮውን ይዛ ታዩአታላችሁ።