ጣቢያው የጠየቀው መጨረሻ

ትዋብ ጎረቤቴ ናት፤ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር፣ ከኔ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ሥራዋ አረጋውያንን ማጠብና ማብላት ነው። ውሸት የማታውቅ ሴት ናት፤ በሃምሳ አራት ዓመቷ አንዴ ብትዋሽ፣ የዋሸችው በወንድሟ ነፍስ ሆነ።

ወንድሟ አዝመራው ጎንደር ተቀምጦ ወደዚህ አገር የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጇ ኦሬል የፊልም ትምህርት ጨርሳ የእናቷንና የአጎቷን ታሪክ ባለ ስምንት ክፍል ድራማ አድርጋ ጻፈችው። ቴል አቪቭ ያለ፣ ሰው በየወሩ እየከፈለ የሚያየው አንድ ጣቢያም «እንነጋገር» አላት። ትዋብ የዚያን ቀን እንደሳቀችው ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«አገር ሁሉ ታሪኩን ካየው በኋላ በሩን ማን ይዘጋበታል?» አለችኝ።

ከጣቢያው ኔታ የምትባል ወጣት ትዋብ ቤት መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጽሑፎቹን አንብባ ለኮሚቴው የምታቀርበው እሷ ናት።

«በዓመት አራት መቶ ይመጣልናል፤ የምንሠራው ሦስቱን ነው» አለች። «ያንቺን ወድጄዋለሁ፣ ኦሬል። ግን ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ መጨረሻውን ነው። ሰውየው ወይ ይምጣ፣ ወይ ይሙት። ስምንት ክፍል ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ከፍሎ የሚያይ የለም።»

ኦሬል መልስ ስትፈልግ እናቷ ቀደመቻት።

«ሞቷል» አለች። «ባለፈው ሳምንት መርዶ መጣልኝ።»

«ኢማ፣ ዲ! እማ፣ በቃ!» ብላ ኦሬል ጮኸች። ኔታ ግን የሐዘን ጩኸት መስሏት አቀፈቻት፤ እንባዋም መጣ።

እኛ ዘንድ መርዶ ቀልድ አይደለም። በእርግጥ የሞተ ሰው ቢኖር እንኳ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ተሂዶ ነው የሚረዳው። ይህቺ ጉድ ጤነኛ ወንድሟን በገዛ አፏ ገደለችው። ኔታ ከመውጣቷ ትዋብ ላይ ጮህኩባት።

«ሟርተኛ! ምን ነካሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ትርፌ? ካልሞተ አያዩትም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ኦሬል ጮክ ብላ አነበበችልን። ኮሚቴው ጽሑፉን አድንቋል፤ ነገር ግን ደንበኞች በዚህ ጊዜ ሞት ያለበት ታሪክ አይፈልጉም፤ ስለዚህ አይሠራም። ከታች «ለሐዘናችሁ መጽናናትን እንመኛለን» ይላል።

ትዋብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስልኳ ሲጠራ አዝመራው ነበር። ለማንሳት ፈራች፤ አንስቼ ሁላችንም እንድንሰማው አደረግኩት።

«ድራማው ምን ደረሰ?» አለ፣ ድምፁ ሁሉ ደስታ ነው። «እዚህ ለሰፈሩ ተናግሬያለሁ! እኔን ሆኖ የሚሠራው ማን ነው? ስመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስንገናኝም ይታያል አይደል?»

ትዋብ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አለህ፣ ወንድምዬ? አለህ?»

«አለሁ እንጂ» አለ እየሳቀ። «ደግሞ ወዴት እሄዳለሁ?»