በጭራው የሚገባ ዓሣ

ሊወስዱኝ ሲመጡ እጄ ላይ ዓሣ ነበር። የጠርሙስ ዓሣ ነው፤ ከቀይ ባሕር መጥቶ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በኮሌጃችን ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ያየው ሁሉ እባብ ይለዋል። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው አውርጄው አቧራውን እየጠረግሁ ሳለ ሦስት ሰዎች ገቡና አንደኛው በስሜ ጠራኝ። ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ አለኝ። ጠርሙሱን ቦታው ልመልሰው ስል ተይው አለኝ። አልተውኩትም። ክዳኑን አጥብቄ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ከዚያ ወጣሁ።

ጥፋቴ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው። ምን እንዳልኩ እዚህ አልደግመውም፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

በዚያ ሰሞን ሰው በገፍ ይታፈስ ስለነበር ጅማ ውስጥ የሚታሰርበት ቦታ ጠፍቶ ነበር። በጊንጆ ሰፈር በኩል አሳልፈው ከከተማ አወጡኝና መንገድ ለሁለት በሚከፈልባት አንዲት የቡና ከተማ ዳር ካለ መጋዘን አስገቡኝ። ቡና ይከማችበት የነበረ ቤት ነው፤ ግማሹን በቆርቆሮ ከልለው የሴቶች ክፍል አድርገውታል። ከሰው በፊት የተቀበለኝ የጆንያና የጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሽታ ነበር። የሲሚንቶው ስንጥቅ ሁሉ የቡና ገለባ ሞልቶበታል። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰፊው የብረት በር ቀን ቀን ለአየር ስለሚከፈት ግቢው፣ የውጪው በርና ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ይታያል።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም እስረኞቹ ራሳቸው የመረጧቸው አለቃ፣ በዕድሜ የገፉ የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ ናቸው። ሁሉም ሐጃ ይላቸዋል፤ ሐጅ ግን አልሄዱም። «ስሙ ቀድሞኝ ሄዷል፣ ኢንሻአላህ እደርስበታለሁ» ይሉ ነበር። በአንዲት ተማሪና በአንዲት ፀጉር ሠሪ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ አሳዩኝና «መደብሽ ይቺ ናት» አሉኝ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቁኝ። የእንስሳት አመዳደብ አስተምራለሁ ስላቸው ከልባቸው ሳቁ።

«እንግዲያው የሙያ ጓደኛሞች ነን» አሉ። «እኔም እዚህ የምሠራው መመደብ ነው።»

የክፍሉ ደንብ ደስ ይላል። አዲስ የገባች ሴት ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ የምታውቀውን ታስተምራለች። ፀጉር ሠሪዋ ሹሩባ አስተምራለች። ሐጃ የቡናን ደረጃ በቀለሙና በሽታው እንዴት እንደሚለዩ ከስንጥቁ ፍሬ እየለቀሙ አሳይተዋል። ተማሪዋ የሂሳብ አያያዝ ጀምራ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ስለወሰደው ይብቃሽ ተብላለች። ከበሩ አጠገብ የምትተኛው ሴት ደግሞ ከደቡብ ለቡና ለቀማ የመጣች ናት፤ ለቃሚዋ እንላት ነበር። መታወቂያ ሳትይዝ መንገድ ላይ ተገኝታ ከሰው ጋር ታፈሰች እንጂ ከፖለቲካ ጋር አይተዋወቁም። ከመልቀም በቀር የማውቀው የለም ብላ የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር አስተማረቻቸው። ሐጃ ሳይቀሩ ቃሉን እየዘለሉ ዜማውን ያንጎራጉሩት ነበር።

ደስ የማይለው ደንብ የመርማሪው ነው። እሱ ሲገባ «ዙሩ» ይባላል፤ ሁላችንም ተነስተን ፊታችንን ወደ ግድግዳው እናዞራለን። ከዚያ አንዷ ትጠራለች። ማን እንደወሰዳት፣ በየት እንደሄዱ አናይም። እኔ ከመግባቴ በፊት አንዲት ሴት እንዲህ ተወስዳ አልተመለሰችም። እህቷ ምግብ ይዛ ስትመጣ እዚህ እንዲህ የምትባል ሰው የለችም ተባለች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ማን ወሰዳት ቢባሉ የሚመልሱት አልነበራቸውም። ያዩት ግድግዳ ነው።

ለቃሚዋ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። አንድ ቀን ሽሮ በጋራ እየበላን እጇን ከሳህኑ መልሳ እንዲህ አለችኝ።

«ቲቸር፣ ያችኛዋ እንኳ እህት አላት። እኔን ቢወስዱኝ ማን ብሎ ይጠይቃል?»

እኔም ፈራሁላት።

የማስተማር ተራዬ ሲደርስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የተማርኩት ዓሣ ነው፤ ከዓሣም አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩትን እባብ መሰል ዓሣዎች። ገለባውን ወለሉ ላይ በትኜ በጣቴ ሳልኩላቸው። ፀጉር ሠሪዋ እግሯን ሰበሰበች። ይኼማ እባብ ነው ተባለ። እባብ በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፣ ይኼ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ አለው፣ ከጀርባው ላይም ይቺ ቀጭን መስመር የምትመስለው ክንፉ ናት ብዬ አስረዳሁ። ሐጃ ዓሣ ከሆነ ሐላል ነው፣ ለመሆኑ ይጣፍጣል ወይ ብለው ጠየቁ። ተማሪዋ፣ «ሐጃ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ድስት» አለቻቸው።

ከዚያ ወደ አመዳደቡ ገባሁ። ዝርያዎች በወገን፣ ወገኖች ደግሞ አስተኔ በሚባል ሰፋ ያለ ቤተሰብ እንደሚሰበሰቡ ስናገር ሴቶቹ ተያዩ። በዚያ ሰሞን ወገን የሚለውን ቃል የምንሰማው ምርመራ ላይ ነበር፤ ወገንሽ ማን ነው፣ ከእነማን ወገን ነሽ። እኔ የማወራው ስለ ዓሣ ወገን መሆኑን መናገር ነበረብኝ። የዚህ ዓሣ እጭ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ መሆኑን ነገርኳቸው። ወላጆቹን በፍጹም ስለማይመስል የጥንት ተመራማሪዎች ሌላ ፍጥረት መስሏቸው ለብቻው ወገንና ስም ሰጥተውት ኖረዋል። ታግሶ ያሳደገው ሰው ሲገኝ ያ ብርጭቆ ቅጠል ተሸብልሎ እባብ መሰሉን ዓሣ ሆነ።

«እሸት፣ ጀንፈል፣ ቡና» አሉ ሐጃ። «ለማያውቅ ሰው ሦስት ዕቃ ነው።»

ለቃሚዋ ባሕሩን አይቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላየሁም። ተማሪዋ ይኼኔ ነቃች። ሳታይው ነው እንዴ የምታስተምሪን አለችኝ።

«ያዩት ሰዎች በትክክል ጽፈውታል» አልኳት። «ያየ ሰው ያየውን ሳያዛባ ከተናገረ ላላየውም ይበቃል።»

ይህን ስናገር ኮርቼ ነበር። ሙያዬ እኮ ይኼው ነው።

የመጨረሻው ነገር አቀባበራቸው ነው። አንዳንዶቹ በጭንቅላታቸው ቆፍረው ይገባሉ፤ እነዚህ ዓይናቸው ትንሽ ነው፣ ቆዳም ለብሷል። ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትተኛዋ ተማሪ ከእነሱ ወገን ናት ተብላ ተሳቀባት። እኔ በጠርሙስ የያዝኩት ዓይነት ግን በጭራው ነው የሚገባው። የጭራው ጫፍ ክንፍ የለውም፣ እንደ ወስፌ ሹልና ጠንካራ ነው። አሸዋውን በሱ ወግቶ ወደ ኋላ እየተስለከለከ ይሰምጣል።

«ለምን ወደ ኋላ?» አለች ለቃሚዋ።

«ፊቱ ወደ ውጪ እንዲቀር። ሰውነቱ ሁሉ ተቀብሮ ዓይኑና አፍንጫው ከአሸዋው በላይ ይቀራል። የሚመጣውን ያያል።»

ወደ ግድግዳው አየች። እዚያ ግድግዳ ላይ የብዙ ሴት ግንባር ያሳረፈው ወዝ አለ።

«እኛን ግን በጭንቅላታችን ነው የሚያስገቡን» አለች።

«ዱጋ ነው» አሉ ሐጃ በኦሮምኛ፤ እውነቷን ነው ማለታቸው ነው። ትምህርቱም እዚያ ላይ አበቃ። ከራት በፊት ሐጃ ከመደብ መደብ እየዞሩ ለእያንዳንዷ በጆሮዋ ተናገሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ነገ ዙሩ ሲሉ እኔ የምዞረው ወደ በሩ ነው። አንቺ እንደ ፈቃድሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መርማሪው ከማናውቀው ሰውዬ ጋር መጣና ዙሩ አለ። ሐጃ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ብለው ተነሱ። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉና ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆሙ። ፀጉር ሠሪዋ ተከተለች፣ ከዚያ ሁላችንም። መርማሪው ወደ ግድግዳው አልኩ ብሎ ደገመ። ማንም አልዞረም። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። መርማሪው ለቃሚዋን በስሟ ጠርቶ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አላት።

ዕቃዋ አንድ ፌስታል ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችን። ሁላችንም እያየናት ነበር። ግቢውን አቋርጠው መኪና ውስጥ እስኪያስገቧት፣ መኪናው የውጪውን በር አልፎ እስኪታጠፍ ዓይናችንን አልነቀልንም። ከዚያ መርማሪው ወደ እኛ መጣ።

«ይኼን ማን ነው ያስተማራችሁ?»

ሐጃ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምንድን ነው ያስተማርሻቸው?»

«ስለ ዓሣ።»

ያላገጥኩበት መሰለው። በጥፊ መታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ፊቴን ግን መልሼ ወደሱ አደረግሁት። ለሁለተኛ ጊዜ እጁን ሳያነሳ ወጣ። በሩ ለብዙ ቀን ቀንም ማታም ተዘጋብን፤ ሙቀቱ ከባድ ነበር። ያማረረች ሴት አላስታውስም።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አዲስ ትምህርት ጀመርን። እያንዳንዷ ያየችውን ትናገራለች፣ ሌሎቻችን እንደግማለን። ፀጉር ሠሪዋ የሰውዬውን ፀጉር ነበር ያየችው፤ ከኋላ የተቆረጠው ገና ያን ቀን ነው፣ ከጆሮው ሥር የምላጭ ሽፍታ አለው። ተማሪዋ አረንጓዴ ጃኬቱን፣ እኔ ፒካፑን፤ ነጭ ነው፣ የሾፌሩ በር ብቻ ሰማያዊ። ለቃሚዋ ቀይ ሹራብ፣ የጎማ ጫማ። ሐጃ ያዩት የታጠፈበትን ነው። ወደ ግራ ነው፣ ወደ ሊሙ ገነት፤ በዚያ መንገድ ላይ ሰው የሚታሰርበት ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ አገራቸው ስለሆነ ያውቁታል። ቃል ሳናዛባ በየቀኑ አጠናነው፤ ማናችን ቀድመን እንደምንወጣ አይታወቅምና።

ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ሂጂ ተባልኩ፤ ክስም የለም፣ ይቅርታም የለም። ቤቴ ገብቼ ገላዬን ታጠብኩ፣ በማግስቱ በሚኒባስ በሊሙ ገነት መንገድ ሄጄ ሐጃ ያሉት ቤት ወረድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፖሊስ የለቃሚዋን ስም ሰምቶ እንዲህ የምትባል የለችም አለኝ።

«አለች» አልኩት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ሽፍታውን፣ ጃኬቱን፣ ሰማያዊውን በር፣ ሹራቡን፣ መታጠፊያውን። «ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የቀሩትም በተፈቱ ቁጥር እየመጡ ይኼንኑ ይነግሯችኋል።»

ቁጭ በይ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ የነበረው ጥላ ዞሮ ፀሐይ እስኪመታኝ ቆየ። ሲመለስ ዘመዷ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። በሙያዬ ዝምድናን ያለ ማስረጃ አልናገርም። ያን ቀን ግን አላመነታሁም፤ ነኝ አልኩት። ዋስ ሆኜ ስፈርም ለቃሚዋን አወጧት።

ከስታ ነበር። ሹራቡ ሰፍቷታል። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ቆማ እጄን ያዘች።

«እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አይተንሽ ነበር።»

ሐጃም ሌሎቹም በየጊዜው ተፈትተዋል። እኔ ከመግባቴ በፊት የተወሰደችው ሴት የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ እህቷ አሁንም ትጠይቃለች። እኔ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ለቃሚዋ እዚሁ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤት ተከራይታ አትክልት ትነግዳለች፣ አግብታም ወልዳለች። በቅርቡ ልጇን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ስታስባርክ ጠራችኝና ሄድኩ። ከጸሎቱ በኋላ እጄን ይዛ ወደ ሴቶቹ ወሰደችኝ። ከስሜ በፊት የሚጠራ ማዕረግ እንዳለኝ ታውቃለች፤ አስተማሪ መሆኔንም። አንዱንም አላነሳችም።

«ያየችኝ ይቺ ናት» አለቻቸው።

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ጨበጡኝ። እኔም ቀና ብዬ ጨበጥኳቸው።