በሙት ቀናሁ

ዓርብ ጠዋት በስደት ከምኖርበት የከተማ ዳር ሰፈር፣ ከሐጅ ዩሱፍ፣ የተነሳሁት የማላውቀውን ሰው መቃብር ልጎበኝ ነው። ባልንጀራዬ ዘሃራ ሀብታሞቹ ሰፈር ዐማራት ውስጥ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት ትሠራለች። አሮጊቷ ለሕክምና ወደ አገሯ ስትሄድ፣ «አጎቴን እይልኝ» ብላ አደራ አለቻት። አጎቷ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ጣሊያንን በሚወጋ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተኳሽ የነበረ፣ ተመትቶ የወደቀ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ዘሃራ ብቻዬን እፈራለሁ ስላለች አብሬያት ለመሄድ ተስማማሁ።

እስከ አውቶቡሱ ድረስ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ አቧራ አቃመኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ዐማራት ስደርስ ዘሃራ ቀይ አበባና አንድ ፌስታል ተምር ይዛ ቆማለች። ፉል በሰሊጥ ዘይት በልተን መንገድ ቀጠልን።

የመቃብሩ ግቢ ሣሩ ተከርክሟል፤ ነጫጭ ድንጋዮቹ ተሰልፈዋል። የድሆቹ ሰፈር ማዮ ያሉ ሰዎች ከአህያ ጋሪ የሚገዙት ውሃ እዚህ ለሙታን ሣር ይፈሳል። የልጁ ድንጋይ ላይ ስሙ፣ ዕድሜውና ሥራው ተቀርጿል። ቅናት አንጀቴን አቃጠለው። ወንድሜ ሰይድም በዚያው ዕድሜው ዘምቶ ቀረ። ጓደኞቹ መሞቱን ነገሩን እንጂ ሬሳው አልመጣም። እናቴ «ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ ሰደቃውንም ከለከለች፤ እኛም እንባችንን ዋጥን።

እኛ ወሎዬዎች መቃብር ባዶ እጃችንን አንሄድም። ዘሃራ ተምሩን ለዘበኛው ሽማግሌ ሰጠችው።

«ለነፍሱ ነው፣ ያ ሐጅ።»

«አላህ የርሐሙ» ብሎ ለሟቹ ምሕረት ለመነና በላ።

ይሄኔ ፈነዳሁ። «ለፈረንጅ ሰደቃ! ለሰይድ አንዲት ፍሬ ተምር ያወጣለት የለም!»

«ሙሚናዬ፣ እሱም እኮ ተቃጥሎ ነው የሞተ። መዳም እንደነገረችኝ ከዚህ ሥር ያለው አንድ እፍኝ አይሞላም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ?»

«እናቱ ‹ስሙ ይበቃኛል› አለች።»

አበባውን እኔው ተቀብዬ አስቀመጥኩለት።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ወደ እናቴ ደወልኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«አንድ እፍኝ?» አለች።

«አዎ፣ እማ።»

«አለቀሱለት?»

«እስከ ዛሬ አበባ ይልኩለታል።»

«ሰይዴ! ልጄን!» ብላ ጮኸች። የጎረቤት ሴቶች እየሮጡ ሲገቡ ይሰማኛል።

በዚያ ልጅ አሁንም እቀናለሁ፤ ድንጋይ አለው። ለቅሶ ሬሳ እንደማይጠብቅ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ነገ ተምር ገዝቼ በሰይድ ስም ለሰፈሩ አድላለሁ።