ሆት ሻወር በደባርቅ

ባለፈው ሰኞ የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ማር የምትሸጥበት ድረ ገጽ ከፍታለች፤ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ግን የለም። «እትዬ፣ ኪወርዱ፣ ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል ነው መሰለኝ ያስቸገረኝ» አለችና የጻፈችውን አሳየችኝ። ከላይ እስከ ታች ውዳሴ ነው፦ ድንቅ፣ ምርጥ፣ ወደር የሌለው። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ተቀየመች፤ እኔ ግን የሳቅሁት በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በሠራሁት ነበር።

ያኔ ጎንደር ኮምፒውተር ተምሬ ደባርቅ አክስቴ ጥሩወርቅ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። አክስቴ መኪና መንገዱ ዳር ስምንት ክፍል ያለው አልጋ ቤት ነበራት። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡት ፈረንጆች አቧራ አልብሰውን ያልፋሉ እንጂ አንዱም አይወርድ። አንድ የእህል ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ጠይቋት ነበርና እስከ ገና እንግዳ ካልመጣ እሺ ልትለው ነው። ቤቱን ሟች ባሏ በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ ጆንያ ሲከመርበት ማየት ለእሷ ሞት ነበር። እኔም «ድረ ገጽ እሠራልሻለሁ፣ ከዓለም ዳርቻ ይመጡልሻል» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ሠራሁም። «ታሪካዊ፣ ውብ፣ እንግዳ ተቀባይ» እያልኩ እንግሊዝኛዬን አዥጎደጎድኩት። አክስቴ ደግሞ «የማን ልጅ እንደሆንኩ ካልተጻፈ ማን ያምነናል» ብላ የአባቷን ስም ከነማዕረጉ፣ የደብራቸውን ስም ሳይቀር አስገባች። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የአልጋ ቤቱን ስም ብጽፍ አንደኛ ወጣን። አክስቴ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ጥቅምት አለቀ፣ የኅዳር ውርጭ ገባ፤ ሰው የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ስማችንን የማያውቅ እንግዳ በስማችን ሊፈልገን አይችልም። «ሆቴል በደባርቅ» ብዬ ስሞክር፣ ገጽ ብገልጥ ብገልጥ የለንም።

በዚያ ሰሞን አያ ካሴ ከተራራው ወርደው ገቡ። የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ የፈረንጆችን ጓዝ በበቅሎ ሲጭኑ ነው የኖሩት። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ የሰሙትን ድምፅ ግን እንደ ዜማ ይይዛሉ። የገብስ ዳቦ እየቆረሱ፣ ጠላቸውን ፉት እያሉ ቁጭ ካሉበት ድንገት ጠየቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ተምረሻልና ንገሪኝ። እነዚህ ፈረንጆች ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው ሰንብተው የደባርቅን ቆርቆሮ ሲያዩ ሁሉም ‹ሆት ሻወር› ይላሉ። ምርቃት መስሎኝ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ አሜን እላለሁ። ምን ማለት ነው?»

«ገላ መታጠቢያ ሙቅ ውሃ ማለታቸው ነው፣ አያ» አልኳቸው።

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን ወደ ኢንተርኔት ቤት በረርኩ። ውቡንም ታሪካዊውንም ሰርዤ ከላይ በትልቁ «ሆት ሻወር በደባርቅ» ብዬ ጻፍኩ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኝ ሁለቴ ደገምኩት። የአክስቴን አባት ግን ከታች ተውኳቸው፤ እሳቸውን መሰረዝ ማን ይደፍራል። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ቃል ብፈልግ ከላይ ሁለተኛ ላይ ነን። ኢሜይልም መጣ፤ ሁለት ፈረንጅ ሴቶች ከተራራው ሲወርዱ ሐሙስ እኛ ጋ ያድራሉ።

ችግሩ፣ ሆት ሻወር አልነበረንም።

ለአክስቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ባሌ በሠራው ቤት ውሸት ጻፍሽበት?» አለችኝ። አፈርኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ነጠላዋን አገልድማ ተነሳች። «እንግዲህ እውነት እናድርገው» አለች።

በርሜል ከመታጠቢያው ግድግዳ ጀርባ ድንጋይ ላይ አስቀመጥን፣ ብየዳ የሚሠራው ጎረቤታችን ቧንቧ ገጠመለት፣ ከሥሩ ባሕር ዛፍ ማገድን። መጀመሪያ የወጣው ዝገት ነበር፤ ቀጥሎ ጭስ ጭስ የሚል ውሃ። ሐሙስ ጠዋት ግን ጠራ።

ሴቶቹ ከአያ ካሴ ጋር ገቡ፤ ከንፈራቸው በብርድ ተሰነጣጥቋል። ገና በሩ ላይ አንደኛዋ «ሆት ሻወር?» አለች። አክስቴ እንፋሎት የሚወጣበትን በር ከፈተችላት። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ዘፈን ተሰማ። አያ ካሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አሜን» አሉ፤ አክስቴ እየሳቀች አለቀሰች። ነጋዴውም መጋዘኑን ሌላ ቦታ ይፈልግ ተባለ።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኳትና ማር ፈላጊው በመጀመሪያ ምን እንደሚል ጠየቅኋት። ኩርፊያዋን ረስታ አሰበች። «ሳል፤ የሚያስለው ሰው ነው ማር የሚፈልገው» አለች ቀስ ብላ፣ ጻፈችውም።

አያ ካሴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን የትም ከተማ ሆቴል በር ላይ «ሆት ሻወር» የሚል ሳነብ፣ አፌ ቀድሞኝ አሜን ይላል።