ከትልም መውጣት

አባቴ ንፋስ መውጫ ክሊኒክ በትኩሳት በተኛበት ሰሞን ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። አልጋው ላይ ሆኖ ያርሳል። «ሳብ! ቦራው፣ ሳብ!» እያለ ባዶ እጁን ጅራፍ እንደያዘ ሰው ያወናጭፋል። የክሊኒኩ ድሬሰር አየት አደረገውና «ዴሊሪየም ነው» ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ግን «ለይቶለታል» አሉ። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆኑ እሳቸው ካሉ አለቀ። በማግስቱ በቃሬዛ አውጥተው፣ እንደ እብድ በሰንሰለት አስረው ጠበል ሊወስዱት ቆረጡ። ሰንሰለቱንም ይዘው መጥተዋል። በዚያ ትኩሳት ያንን ሁሉ ዳገት ቢወጣ መንገድ ላይ እንደሚቀርብኝ ታወቀኝ። እንቢ አልሁ፤ ማን ሰምቶኝ!

እልህ ያዘኝ። ድሬሰሩ ጥሏት የሄደውን ቃል አንጠልጥዬ ወደ እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሮጥሁ። ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ገለጡልኝ። በትኩሳት መቃዠት ማለት ነው፤ በደስታ ራስን ለመሳትም ይነገራል።

«እብደት ነው?» አልኋቸው።

«አይደለም፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ይለቀዋል።»

ከዚያ ወደ ቃሉ ሥር ወረዱ። የጥንት ሮማውያን በላቲን ትልምን «ሊራ» ይሉት ነበር አሉ፤ «ዴሊሪየም»ም ሲፈታ ከትልም መውጣት ነው። ሳቄ መጣ። በባሕር ማዶ ቃል ውስጥ በሬ ይኖራል ብዬ መች አስቤ!

ተመልሼ አጎቴ ፊት ቆምሁ።

«ጋሼ፣ በሬዎ ከትልም ቢወጣ ያርዱታል?»

«ምን ነካሽ? እመልሰዋለሁ እንጂ!»

«አባዬም ከትልም ነው የወጣ። የበሽታው ስም ራሱ እንዲያ ነው የሚል። ትኩሳቱ እስኪለቀው ይቆይ፤ ጠበሉ የትም አይሄድ። በሰንሰለት ከወሰዱት ግን እኔንም አብረው ያስሩኛል።»

አባቴ አሁንም በሬዎቹ ላይ ይጮኻል። አጎቴ ሰንሰለቱን መሬት አስቀምጠው አልጋው ጫፍ ተቀመጡና የሚወናጨፈውን እጁን ያዙት።

«ወንድሜ፣ ስታርስ ዋልህ እኮ። ጀምበር ጠለቀች፤ በሬዎቹን ፍታቸው።»

አባቴ ጸጥ አለ። «ማሳውን ጨረስን?»

«ጨርሰናል።»

ጣቶቹ አየር ላይ ቀንበሩን ሲፈቱ አየሁ። ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው። አጎቴም ሰንሰለታቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ትኩሳቱ በርዶለት ውኃ ሲጠጣ አጎቴ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው።

«የት ዋሉ ጋሼ?» አልኋቸው።

«ማሳው ላይ ነዋ» አሉ፤ «ጨርሰናል ብዬው የለ።»